ቆሽት የት ነው?

አያ ስመኝ ቁልፉን አዙሮ በሩን ገፋ፤ ተጠጋግተን ገባን፤
ማንም ሳይሞትብን፣ አርባችንንም ፎርማሊን አስነባን።

ጠረጴዛው ላይ ሰው አለ፤ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል፤
እግሩ ብቻ ወጥቶ፣ ተረከዙ እንደ ደንቢያ ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቋል።
ፈንታ በሩን አየ።
እኔ ጣሪያውን።

ዶክተር ትርንጎ ሸራውን አልነኩትም። ጠመኔ ያዙ።
«ቆሽቱ አርሮ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።»
አርባ እጅ ወጣ።
«እሺ፤ አሁን ደግሞ ቆሽት የት እንዳለ የሚያውቅ።»
አርባ እጅ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ቁራ ብቻ ነበር የሚስቅ።

ሳሉልን፦ ከጨጓራ ኋላ ተጋድሞ፣
ራሱ በትንሹ አንጀት እቅፍ፣ ጭራው ከጣፊያ ደጅ፣
ስኳር የሚመጥን፣ ቅባት የሚፈታ፣ ንዴት የማያውቅ ዝምተኛ ልጅ።
«እኛ ግን በባልም፣ በቀበሌም፣ በጎረቤትም እሱኑ አሳረርነው»
አሉና የሸራውን ጫፍ ያዙ። ቀስ አድርገው ገለጡት። አየነው።

እኛ ቤት ብዙ ነገር የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነበር፤
እናቴ «ሆድ ይፍጀው» ትላለች፤ ያባቴን ዕዳ፣ የወንድሜን ነገር።
ያንን ልፈልግ ይመስል ጎነበስኩ፤
ጉበት አየሁ፣ የተጠቀለለ አንጀት አየሁ፣ እስከ ኩላሊት ደረስኩ፤
የተቀመጠ ምስጢር የለም።
የሐሞት ከረጢቱ ሙሉ ነው። «ሐሞቱ ሳይፈስ ነው የሞተው» አለ ፈንታ፤
ሳቅን፤ ወዲያው አፈርን፤ ክፍሉን ወረሰው ዝምታ።

አያ ስመኝ መዳፉን ገልብጦ አሳየን፦
«ግንበኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥፍሩን ኖራ በልቶታል፤
ጠያቂ አልመጣለትም፤ ስሙም አብሮት ሄዷል።»

የፋሲልን ግንብ ድንጋይ ለድንጋይ ካያያዘው ኖራ
በጭን አጥንታችንም ውስጥ ዘመዱ አለ፤
ይህን በደብተሬ ጠርዝ ጻፍኩት፤ ፈተና ላይ አይመጣም ተባለ።

እጃችንን ታጥበን ስንመለስ ዶክተር ትርንጎ፦
«የቆመውን አያችሁ፤ የሚሄደውን ደግሞ ከራሳችሁ ተማሩ፤
ሁለት ጣት አንጓችሁ ላይ፣ አንድ ደቂቃ፣ ዝም ብላችሁ ቁጠሩ።»

የኔ ሰማንያ ስድስት።
ፈንታ «መቶ አሥር» ሲል ማንም አልሳቀም፤
አያ ስመኝም ከንፈሩ ይቆጥራል፤ ጣቶቹ ግን
የሰውየው አንጓ ላይ ናቸው፤ ለምን ብሎ ማንም አልጠየቀም።

ከቀሃ ወንዝ ማዶ ፀሐይ ስትገባ ጎንደር በሙሉ ደም ሥር መሰለኝ፤
ባጃጁ ሽቅብ፣ ባጃጁ ቁልቁል፣
አንድ ቦታ የሚገፋ ነገር አለ።

ማታ እናቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ደወለች። «ዛሬስ ምን ተማርሽ?»
ቆሽት የት እንዳለ ነገርኳት በዝግታ።
ጥቂት ዝም ብላ፦ «እንግዲህ የኔን ስታገኚው በይልኝ ይቅርታ፤
ብዙ አሳርሬዋለሁ።»