የታጠበ ለውህ

የአዳማ ንፋስ ከሰው ቀድሞ ነቅቶ፣
የመድረሳችንን ቆርቆሮ አንኳኩቶ፣
ሲገባ በስንጥቅ አቧራውን ይዞ፣
ድምፃችን ይሰጥማል ጉሮሯችን ደንዝዞ።
ኡስታዝ ሙዘይን ግን አንድም ቀን ሳይቆጣ፣
“ልጆቼ፣ ጮክ በሉ” ይለናል፣ “እስኪወጣ።”
ጮክ እንላለን።
ሰላሳ ሁለት ልጅ፣ በሰሌኑ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልን።

ዛሬ ባጃጄ ላይ፣ “ቀስ ብለህ አውራ” ይለኛል ተሳፋሪ፤
ምን ያውቃል? ንፋስ ነው የእኔ አስተማሪ።

ያኔ አስራ አንድ ነበርኩ።
አባቴ ተሳቢ ይነዳል፣ የጅቡቲ መስመር፤
ሲመጣ ናፍጣና ቴምር ይሸታል፣ ሲሄድ ጭር ይላል ሰፈር።
አንድ ሰኞ ሄደ።
አምስት ቀን ያልነው አምስት ሳምንት ሆነ፤
አምስት ወር ሲሞላ
እናቴ ኑሪያ ጃኬቱን ከምስማሩ አወረደች፣
አጠበች፣
መልሳ ሰቀለች።

“ሞቷል” ያለን የለም፤ “አለ” ያለን የለም፤
የሞተ ለቅሶ አለው፣ ለጠፋ ሰው ግን ወጉም የለም።

ከመድረሳ ስወጣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ተሳቢ እቆጥራለሁ፤
ሰማያዊ ጋቢና፣ ግራ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ እፈልጋለሁ።
አርባ ላይ ስደርስ መግሪብ ይሆንብኛል።

የሸመደድኩት ሁሉ ከልቤ ረገፈ፤
ትናንት የማውቀው ሱራ እንደ አቧራ አለፈ።
ሙራጀዓ ደርሶ፣ ኡስታዝ ፊት ተቀምጬ፣
አፌን ከፈትኩና ቀረሁ ምራቅ ውጬ።
ከኋላዬ ሳቁ። የጀመረው ሸምሱ ነው፣ ያ ፊት ጥርስ የሌለው።
እኔ አለንጋ ጠበቅኩ።

ኡስታዝ ግን ለውሁን ከእጄ ላይ ወሰደ፤
በርሜሉ ወዳለበት፣ ወደ ጓሮ ሄደ።
“እጠበው” አለኝ።
አጠብኩት። ጥቁሩ ቀለም በጣቶቼ መሀል ወረደ።
ውሃውን እንዲሁ አልደፋውም፤
ሎሚዋ ሥር አፈሰሰው፣ እግር በማይረግጠው።
“አየህ” አለኝ፣ “የተጻፈ ሲታጠብ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።
የአንተንም ልብ ኀዘን አጥቦታል። ይሄ አያሳፍርም።”

ገባኝ? አልገባኝም። አስራ አንድ ነበርኩ።
የገባኝ፣ አለመመታቴ ብቻ ነው።

“ከነገ ጀምሮ ከትንንሾቹ ጋር ነህ።
አሊፍ አስይዛቸው።”
ውርደት መሰለኝ።
ረውዳ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ደረሰችኝ፤
የገዛ ስሟን መጥራት ያቃታት፤ “ለውዳ” የምትለኝ።
“ራ በይ።” “ላ።”
“ምላስሽን አንሺ፣ አንቀጥቅጪው።” “ላ።”
ሁልጊዜ ጠዋት መጥታ ጉልበቴ ሥር ትቀመጣለች፤
“ዛሬስ እችል ይሆን?” ትላለች፤
ትናንት አለመቻሏን እንደማታውቅ ሁሉ።

ክረምቱ ወጣ። አንድ ቀን፣ ቆርቆሮው ሊገነጠል ደርሶ፣
አቧራው ሰማዩን ለብሶ፣
ጮክ አለች እሷም እንደ ሁሉም፦
“ራ!”

እኔ አለቀስኩ።
በስምንት ወር ውስጥ ያን ቀን ገና አለቀስኩ።
ልጆቹ ዞረው ሲያዩኝ “አቧራ ገባኝ” አልኩ፤
አዳማ ውስጥ ይሄን የማያምን የለም።

ሱራዎቹ ተመለሱ። ሁሉም አይደሉም።
አስራ ሁለት ጁዝ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤
ከዚያ ወዲያ እናቴ ነበረች፣ የቤት ኪራይ ነበር፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ።
አባቴ አልመጣም። ጃኬቱ ልኬ ሆነ፤
ማለዳ ሲበርድ እለብሰዋለሁ።
ሰማያዊ ጋቢና ሲያልፍ ዓይኔ አሁንም ይዞራል፤
አንድ እቆጥራለሁ፣ ሁለት፣ ከዚያ እተወዋለሁ።

ኮረብታው ላይ ነጫጭ ምሰሶ ተክለው
ከንፋስ መብራት ያወጣሉ አሉ፤
ኡስታዝ ሙዘይን ቀድሟቸዋል።

ሱብሂ ተሰግዶ፣ በዚያ መንገድ ሳልፍ
ቆርቆሮው ሲጮኽ፣ ልጆቹ ከሱ በላይ ሲጮኹ፣
ሞተሬን አጠፋለሁ።
“ምነው ቆምክ?” ይላል ተሳፋሪው።
“ትንሽ ታገሰኝ” እለዋለሁ፣
“ንፋሱ እስኪወጣ።”