የቀኝ አውራ ጣት

ሃያ ሁለት ዓመት፣ በፍርድ ቤቱ ደጅ፣
ብሶት ጽፌያለሁ፣ ቃሉን ሳላበጅ።
ድንበሩ የተገፋ፣ ውርሱ የተካደ፣
ትዳሩ እንደ ነጠላ፣ ከመሃል የተቀደደ፣
በእኔ ቀለም ታሽቶ፣ «ከሳሽ» ሆኖ ሄደ።
እጅ ግን ተምኜ አላውቅም ነበር፣
ጦይባ እስክትመጣ።

መጣች በሐምሌ፣ ጭጋግ ከጦሳ ራስ
ወርዶ የደሴን ጣራ፣ አንድ በአንድ ሲዳስስ፤
የቀኝ እጅጌዋ፣ ባዶ፣ የታጠፈ፣
በመርፌ ቁልፍ ተይዞ፣ ደረቷ ላይ ያረፈ።

«ሀረጎ ላይ» አለች፣ «ቁልቁለቱን ሲመጣ፣
ፍሬን እምቢ ብሎት፣ አይሱዙው መስመር ሲወጣ፣
እኔ ከኮምቦልቻ፣ ገዝቼ የሐር ክር፣
እጄ መስኮቱ ላይ… ሌላው አይነገር።»

«ጥልፍ ጠላፊ ነበርኩ» ብዬ ስጽፍላት፣
«ነኝ በል» አለችኝ፤ ሰርዤ ጻፍኩላት።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ።
የሐኪሞች ቦርድ፣ «ስልሳ አምስት በመቶ» ብሏል፤
ከስልሳ ዕድሜ ሠላሳ አራት ሲነሳ፣ ሃያ ስድስት ይቀራል፤
እሱን በወሩ፣ ወሩን በገቢው…
የካልኩሌተሬ መስኮት፣ በቁጥር ሲሞላ አየች፤
«ይህ ሁሉ በእጄ ላይ ነበር እንዴ?» ብላ ሳቀች።

አበጋሮች መጡ፣ ይመርን አስከትለው፣
አንገቱ ላይ ድንጋይ፣ ለእግሩ ጫማ የለው።
«ጉማውን እንቁረጥ፣ ልጁም ደሃ ነው» አሉ፤
ድንጋዩን አወረደችው፣ በአንድ እጇ፣ በግራው።
«እሱን ይቅር ብያለሁ፤ ሲያለቅስ አይቻለሁ።
የመድን ድርጅቱ ግን አላለቀሰም፤ እሱን እከሳለሁ።»

ጠበቃቸው ተነሳ፣ ክራቫቱ ቀይ፣
«ደረሰኝ የላትም፤ ገቢዋ በምን ይታይ?»
ዳኛዋ «ምስክር» አሉ።
ምስክሮች ገቡ፣ ማስረጃውን ለብሰው፦
ሙሉሰው የሰርጓን ቀሚስ፣ ወገቡ አልዘጋ ብሏት፣
ሐጂ ኑርዬ ኮፍያቸውን አውልቀው፣
ጠረጴዛው ላይ፣ እንደ እንቁላል፣ ቀስ አድርገው፤
ዲያቆን ጽጌ ባዶ እጁን መጣ፤
የታቦት ጥላ ችሎት አይገባም፣ ነውር ነው፤
ግን «ጥልፉ የሷ ነው» ብሎ በጥላው ማለ።
ያን ዕለት ችሎቱ ሰኞ ገበያን መሰለ።

አራተኛው ማስረጃ፣ ያላለቀ አንገትጌ፣
ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ገና ነጭ፣
መርፌው እንደተሰካ፣ ክሩም ከመርፌው ሳይወጣ።
ዳኛዋ መነጽራቸውን አንስተው፣
ጥለቱን በጣታቸው ጫፍ ሄዱበት፣
እስከ መርፌው ድረስ።
መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን «ታይቷል» የምትል ቃል ብቻ ናት።

አሥራ አንድ ቀጠሮ። ሁለት ክረምት፣ አንድ በጋ ተኩል።
ተፈረደላት። ከጠየቅነው ሲሶው ተሸርፎ፣
የተረፈው ግን፣ እውነት ለመናገር፣
በእኔ ዕድሜ አንድ ላይ ያላየሁት ብር ነው።

ገንዘብ ያዡ ቅጹን ገፋላት፣ የቀለሙንም ሳጥን።
ከግርጌው ታትሟል፦ «የቀኝ አውራ ጣት አሻራ።»
ቀና ብሎ አያት። እጅጌዋን አየ። ቅጹን አየ።
ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ማጉረምረሙን አቆመ።
እኔ ብዕሬን አውጥቼ «የቀኝ» የምትለዋን ሰረዝኩ፣
«የግራ» ብዬ ከላይ ጻፍኩ፣ ከጎኑ ፈረምኩ።
ሰው ሳያዘኝ ያረምኩት ሰነድ፣
በሃያ ሁለት ዓመት ያው አንድ ነው።

አልወጣችም። መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆመች።
«አንገትጌዬን መልሱልኝ» አለች።
«የማን ነው?» አለ ጸሐፊው።
«ባለቤቷ አግብታለች፤ በሌላ ቀሚስ።
እኔ ግን ጀምሬዋለሁ።»
«ይግባኝ ጊዜው ይለፍ፤ ስልሳ ቀን አለ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ቀለሙ ከጣቷ ሳይለቅ፣
ቀኖቹን ልትቆጥር።
ከትንሿ ጣት ጀመረች፤ አምስት ላይ ስትደርስ
ቆም አለች፣
ከትንሿ ጣት እንደገና ጀመረች።