ምራቂ

ስካነሯን ያገኘኋት ዴራ ነው፣ ከአንድ ጠባብ ሱቅ፣
ከመቶ ሰማንያ ወርዶ በመቶ አርባ ተስማማን፣ ከረጅም ጭቅጭቅ።
ሻጩ የተሸነፈ መስሎ ሣቀ፤ ከዚያም ጎንበስ አለና
ከመሳቢያው ግርጌ አንድ ሲዲ ሰጠኝ፣ ቀና ሳይል ገና።
"ይህችም አብራ ናት፤ ያለ እሷ አትሠራም።"
የደሴ ልጅ አይደለሁ፣ የሰኞ ገበያ? ምራቂ አልጠላም።
እናቴ ምስር ስትሸጥ፣ ጣሳውን ሞልታ ሰፍራ፣
ላዩ ላይ አንዲት እፍኝ ትደርባለች፣ ሳትቆጥር፣ ሳትፈራ።

አጅማን፣ ኑአይሚያ፣ ከላውንደሪው ጎን ናት ቢሯችን፤
ሁለት ወንበር፣ አንድ ማራገቢያ፤ ፓስፖርት፣ ውል፣ ኢቃማ ነው እንጀራችን።
ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ ገጹ ማለቂያ የለው፤
ውጭ ሴቶች ተሰልፈዋል፣ ሙቀቱ አርባ አምስት ነው።
አላነበብኩም።
"ቀጥል" አልኩ፣ "ቀጥል" አልኩ፣ "እስማማለሁ" አልኩ፤
ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ሲል፣
ቁርበቱን እኔው አነጠፍኩ።

አራት ወር ሠራን። ቀን ቀን እኔ ስጽፍ፣
ሌሊት ሌሊት እሷ፣ ቢሮው ተቆልፎ፣ አገር በእንቅልፍ።

ኢንተርኔቱ ዘገመ ብዬ ሻጂን ጠራሁት፣ የኬረላውን፣ ስልክ ጠጋኙን።
"እንድሪስ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በተሰባበረች ዐረብኛ፣
"ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይህ ሣጥን ይነቃል፣ አንተ ስትተኛ።
ስካን ያደረግኸውን ሁሉ ይልካል፣ እየደበቀ።"
"ለማን?" አልኩት።
ትከሻውን ሰበቀ።

ሦስት መቶ ስድሳ ሁለት ፊት። የእናት ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ አውራ ጣት፤
አንዷን አስታውሳለሁ፣ ሻሿ ጆሮዋን ሸፍኖ እኔው ያስተካከልኩላት።
በእናቴ እፍኝ ውስጥ ጠጠር ይኖር ይሆናል።
ዓይን ግን አልነበረም።

"አውጣልኝ" አልኩት። አወጣው፤ ስካነሯም አብራ ሞተች።
መልሶ ሲያስገባው መብራቷ በራ፣ እንደ ድመት ተንጠራራች።
"ተጋብተዋል" አለ ሻጂ፣ "አንዱን ስታባርር ሌላው ይሄዳል።"
"ታዲያስ?"
"ታዲያማ…" ሻዩን ፉት አለና፣ "ሰው ሁሉ ዝም ይላል።"

እታገኝ ጋ ደወልኩ፣ ያቺ ባለ ሻሿ፣ ፉጀይራ ናት አሁን፣
ይቅርታ ልላት፣ ከየት እንደምጀምር ሳላውቀው ነገሩን።
ሰማችኝ። ውሃ ይፈሳል፣ ሳህን ታጥባለች።
"ከምድጃው በላይ አንድ ዓይን አለ፣ ከአልጋዬ ራስጌ አንድ" አለች፤
"ማዳም ደግሞ ዓርብ ዓርብ ስልኬን ትፈትሻለች።
አሁን ያንተን ጨምሬ የቱን ልፍራ፣ እንድሪስ?" ሳቀች።
ከዚያ፣ ልትዘጋ ስትል፣ እንደ ዘበት፣
"ያን ቀን ግን ወረቀቱ ምን ይላል ብዬህ ነበር። ታስታውሳለህ?"
"አዎ።"
"ያው ነው፣ ፈርሚ፣ አልከኝ።"

ያን ሌሊት ቢሮ አደርኩ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከስካነሯ ፊት ለፊት፤
ስምንት ሰዓት ላይ አንዴ ጠቀሰችኝ፣ አረንጓዴዋ መብራት፣
እንደምታውቀኝ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ።
ገመዷን ነቀልኩት። ጀግንነት አልተሰማኝም። ነጋ፤ ፀሐይ ገባ።

ጧት የመጣችዋ የመርሳ ልጅ ነች፤ አሥራ ዘጠኝ ነኝ አለችኝ፤
ውሉን በሁለት ጣቷ ይዛ እስክሪብቶ ለመነችኝ።
"የት ላይ ነው የምፈርመው?"
"ቆይ" አልኩ። ከላይ ጀመርኩ።
አንቀጽ አንድ። አንቀጽ ሁለት። በአማርኛ፣ እየተንተባተብኩ።
ሰልፉ አጉረመረመ፤ ባለቤቱ በመስታወት አየኝ፤ ቀጠልኩ።
ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ቅንድቧን ሰበሰበች።
"ይሄም አብሮ ነው?"
"አብሮ ነው።"
"ሌላስ አለው?"
"አለው። ቁጭ በይ።"