የመጨረሻዋ «ስ»

ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ በር ላይ፣ ሰኞ በጠዋት፣
ዘበኛው ይመር መዝገብ ገልጦ፣ በምራቁ አርሶ ጣት፣
«ስም?» አለው ሆላንዳዊውን።
«ዮስት።»
«የአባት?»
«ዌቨርስ።»
«አባትህ ነው ዌቨርስ?»
«አይ፣ አባቴ ኮርኔሊስ፤ ዌቨርስ የሁላችን ነው።»
ይመር እስክሪብቶውን አንሥቶ ዞረ ወደ እኔ፣ ወዳስተርጓሚው፦
«የሁላችን የሚባል አባት እንዴት ብዬ ልጻፈው?»
ቦታውን ባዶ ተወው።

ሰባት ወር የቆመ ማሽን ሊያስነሣ ነው የመጣ፤
ድር እየበጠሰ ስንቱን ያስለቀሰ፣
ስንቱ መካኒክ ታግሎት አንገት ደፍቶ የተመለሰ።

በአራት ሰዓት እረፍት፣ ሻይ ይዘን፣ ቦንቦሊኖ በጋዜጣ፣
ጠየቅሁት፦ «ይኸ ስምህ ከወዴት መጣ?»
የእጁን ግሪስ በቡትቶ እየጠረገ
ሳቀና፣ አቧራው ላይ በጣቱ ፊደል አደረገ።
«ዌቨር ማለት ሸማኔ ነው። አንድ አያቴ፣ የራሱ ስም የጠፋ፣
በእጁ ሥራ ተጠራ፤ ልጅ ልጁም በዚያው ተስፋፋ።
ይቺ ጫፍ ላይ ያለችው 'ስ'፣ እንደናንተ 'የ' ናት፤
'የሸማኔው' ትላለች፤ 'ልጅ' የሚለው ቃል መንገድ ላይ ወድቆባት።»

እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤
የነሱን መወርወሪያ አወጣው።
የኛ «የ» ከፊት ትቀድማለች፣ በር እንደምታንኳኳ፤
የነሱ «ስ» ከኋላ ትመጣለች፣ ካባቷ ዱካ ለዱካ።

የሸማኔ ልጅ።
እሱ እየሳቀ ነው ያለው።
እኔ ይህን ቃል ደሴ ሰኞ ገበያ ዳር፣ ከድንጋይ ጋር ነው የሰማሁት፣
«ቁጢት በጣሽ!» ከሚል ጋር፤ ቀና ሳልል ያለፍሁት።

አባቴ ጓንጉል ጉድጓድ ውስጥ ነበር፤
ከወገቡ በታች አፈር፣
ከወገቡ በላይ ክር።
የጦሳ ብርድ በሸራው ቀዳዳ ሲገባ፣
ለሰው ጋቢ እየሠራ፣ እሱ ጆንያ ይደርባል ባንገቱ ዙሪያ እንደ ካባ።
ያገር ሙሽራ የሱን ጥበብ ለብሳ ትዳራለች፤
እናቷ ግን ገንዘቡን እጁ ላይ አታኖርም፣
መሬት ላይ ትጥላለች።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ቅጽ መጣ፤ «የአባት ሥራ» ይላል።
«ነጋዴ» ብዬ ሞላሁት።
እንዲፈርም ሰጠሁት።
ማንበብ ያውቅ ነበር።
ብዙ ቆየ። ፈረመ።
ሲመልስልኝ፣ ከጣቱ የተላቀቀች ነጭ ክር
ፊርማው ላይ ተጣብቃ ነበር።
ሐረጎን ስወርድ፣ ዛሬም፣ ሚኒባሱ ሲታጠፍ፣
አያታለሁ ያችን ክር፤ አልበረረችም ከዚያ ጫፍ።

«ታዲያ ሽመና ትችላለህ?» አልሁት ዮስትን።
«እኔ? አያቴ ዓሣ ሻጭ፣ አባቴ ፖስታ ቤት፤
ክር የነካ ሰው የለም በኛ ቤት።
እኔም የማውቀው ብረቱን ነው።»

እውነቱን ነው። ከሰዓት በኋላ ብረቱ ዳነ፤
ሞተሩ አጓራ፣ ድሩ ግን መሐሉ ላይ ሁለት ቦታ ተበጥሶ ነበረ።
ዮስት ሁለቱን ጫፍ ያዘ፤ ወፍራም ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤
ቋጠረው፤ አመለጠ፤ ቋጠረው፤ አመለጠ።
እጄ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ከኪሴ ወጣ፤
ጠቅልሎ፣ አሾልኮ፣ በጥፍር ቆርጦ፣ ቋጠሮው ጠፍቶ እስኪታጣ።
ፎርማኑ፣ ሴቶቹ፣ ሁሉም አዩኝ፤
«የት ተማርኸው?» ያለ የለም። አወቁኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት። በሩ ላይ ይመር መዝገቡን ይዟል፤
ጠዋት የተወው ባዶ ቦታ እንደ ነበረ አለ።
«እና ምን ልበለው?» አለ።
«የሸማኔ ልጅ በል።»
ቀና ብሎ አየኝ። ይመር የኛ ሰፈር ሰው ነው።
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ኧረ አንተን መች ጠየቅሁህ?» አለኝ።

ቦታው ጠባብ ነው፣ ሁለት ጣት ቢሆን ነው።
«ጻፈው» አልሁት፤
«ለሁለታችንም ይበቃል።»