መዳፍሽ ስንት አለ?

«አርባ ሁለት ሺህ» አለ አንማው፣ ካልኩሌተሩን
እንደሚሳለሙት መስቀል ወደ ፊቴ አስጠግቶ፤
«ላቴክስ ነው፣ የዛፍ ወተት፣ ስፖንጅ እንዳይመስልህ፤
ሃያ ዓመት ትተኛበታለህ፣ ወገብ ያቀናል»
አለኝ፣ ከዐይኔ ዐይኑን አሽሽቶ።

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ወገቤን የጨረሰው
ከፋሲሎ እስከ ዓባይ ማዶ የተነጠፈው ድንጋይ ነው፤
ስለ ፍራሽ የማውቀው
ጠዋት ስነሣ የሚያመኝን ነው።
ስለዚህ አክስቴን አመጣኋት፣ እማዋይሽን፤
በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት
ጥራት ቁጥጥር ላይ ቆማ የኖረች፣
የክር ቁጥር በመዳፏ የምታነብ፣
ዐይኗ ከደከመ ወዲህ እንኳ በእጇ ያላረጀች።

ዋጋውን አልጠየቀችም።
ነጠላዋን አጣፋች፣
መዳፏን ዘርግታ ጫነች፤ ቆየች፤ አነሣች፤
ፍራሹ እስኪመለስ ቆጠረች።
ደግሞ ጫነች፣ አሁን ወደ ዳር ሄዳ፤
«ጠርዙ ነው የሚያሳብቀው» አለች፣
«ሰውም ቢሆን፣ አንሶላም።»
አጎንብሳ አሸተተች።
«ዚፑን ክፈትልኝ፣ ልጄ።»
«እናቴ፣ ከፋብሪካው እንደታሸገ ነው፣ አይከፈት...»
«በልብሱ ብቻ ልመነው?
ሙሽራ እንኳ ዐይነ ርግቧ ይገለጣል።
ክፈተው።»

ከፈተው።
ላዩ ነጭ ነው፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣
ጣት ሲጠልቅበት የሚገፋ፣ ዝግ ብሎ የሚነሣ።
አራት ጣት ያህል እሱ ነው። ከእሱ ሥር
ቢጫ ስፖንጅ፣ የሰነፍ ተማሪ ደብተር፤
ውፍረት ብቻ፣ ውስጡ ነፋስ፣
አንድ ስንዝር ሙሉ፣ ሲጨብጡት እፍኝ የማይደርስ።

«ወደ ሚዛን» አለች።
ጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ነው፤ በእህል ሚዛን ላይ አቆምነው።
ዱቄት የለበሰው ልጅ «ይፈጫል እንዴ?» ብሎ ሳቀ።
ሠላሳ አንድ ኪሎ።
እማዋይሽ በጣቶቿ አንጓ ቆጠረች፤
«ሁሉም የዛፍ ወተት ቢሆን
ሁለት ጎረምሳ ያስቃስት ነበር።
አንተ ብቻህን ተሸክመኸው መጣህ፣ አንማው፤
ላብህስ የት አለ?»

አንማው ዝም አለ። ከዚያ ላቡ መጣ፤
ስለ ዶላር፣ ስለ መጋዘን ኪራይ፣
መንገድ ተዘግቶ ደጀን ላይ ስላደረ ጭነት፣
ዝናብ ስላገኛቸው ሦስት ፍራሾች፤
«እኔም ላቴክስ ነው ብለው ሸጠውልኝ ነው፤
እነሱንስ በማን መዳፍ ላስዳኛቸው?» አለ።
ውሸት አልመሰለኝም። እውነትም አልነበረም ሙሉውን፤
እንደ ፍራሹ ነው፣ አራት ጣት ያህል እውን።

እኔ ልቤ ራራ። እሷ ራራችም አልራራችም
ሒሳቧን አልተወችም፤
«ለአራት ጣቱ ይህን ያህል፣ ለስፖንጁ ይህን፤
ጨርቁን ተወው፣ እሱን ዐውቀዋለሁ፣
ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል።
ለደጀኑ ሌሊትህ፣ ለኪራይህ፣
ልጆችህ ለሚቀምሱት፤
ሃያ ሰባት ሺህ።
ከዚህ በላይ ያለው የስሙ ነው።
ስም ላይ አይተኛም።»

በሃያ ስምንት ተኩል ተጨባበጡ።
ባጃጁ አናት ላይ በገመድ አሰርነው፤
በሐይቁ ዳር ስንሄድ ነፋሱ ከሥሩ እየገባ ያነሣዋል፣
እማዋይሽ በጎን እጇን አውጥታ ትጫነዋለች።
«አንቺስ በምን ላይ ትተኛለሽ?» አልኳት።
«በብጫቂ። ጡረታ ስወጣ ሁለት ጆንያ ሰጡኝ፣
ጥራት አላለፈም ብዬ እኔው የጣልኩትን።»
ሳቀች። «ዋጋውን ጠይቀኝ እንጂ።»
አልጠየቅኋትም።

በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤
ሃያ ስምንት ሺህ ተኩል ብር ከጎኔ ተጋድሞ
ያንኮራፋው እሱ ነው። እኔ እስኪነጋ
ለአሥር ዓመት ሌሊት ሳካፍል አደርኩ፤
ሰባት ብር ከሰማንያ።
ደግሞ አካፈልኩ፣ ያው ሰባት ብር ከሰማንያ።

በአራተኛው ጠዋት፣ ደንበኛ ደጅ ቆሞ ሲጣራ፣
ቸኩዬ፣ ጎንበስ ብዬ
የጫማዬን ክር አሰርኩ፤
ጎንበስ ማለቴን
ካሰርኩ በኋላ ነው ያስተዋልኩ።