ከመቶ አርባ አንድ

አዳማ፣ ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
መስታወቱን ነፋስ ሲያንቀጠቅጠው፣ ጀርባዬን ሲለበልበኝ ፀሐይ፣
መስማት ነው ሥራዬ።
ፓምፕ እንሸጣለን፣ በፀሐይ የሚሠራ፣ ውሃ የሚስብ ከጉድጓድ፤
ልጆቹ ይደውላሉ ለገበሬው፣ ከመቂ እስከ ወለንጪቲ መንገድ፤
«መጀመሪያ ጠይቁ፣ ዋጋ በኋላ» ነው የቤቱ ልማድ።

እስከ አምና መዛኙ እኔ ነበርኩ፣ በገዛ ጆሮዬ፣
እየደከመኝ፣ አልፎ አልፎም እያዳላሁ፣ በቀይ እስክሪብቶዬ።
ዘንድሮ ማሽን መጣ፤ አይደክም፣ አያዛጋ፣ አያዳላ፤
መቶ ሃያ ጥሪ ሰምቶ ይጨርሳል እኔ እራቴን ስበላ።
ማን ስንት ጠየቀ፣ ማን አቋረጠ፣ ማን ለፈለፈ፣
ስንት ሰከንድ በዝምታ አለፈ።

አልዋሽም፣ ወደድኩት።
ናሆም፣ «ሰው አታስጨርስም» ብዬው፣ አኩርፎኝ ነበር ሦስት ቀን፤
ማሽኑ ሲለው ግን ታረመ። ቁጥርን አኩርፎ ምን ሊሆን?

ማክሰኞ ጠዋት፦ ናሆም፣ ዘጠና ሦስት።
ሲፈን፣ አርባ አንድ።
ከሥሩ ማስታወሻ፦ «ጥያቄ፣ አራት ብቻ።
ዝምታ፣ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ።
ያልታወቀ ቃል፣ ‹ቶሌ›፣ ስድስት ጊዜ።
የነፋስ ድምፅ። ዕድል አምልጧል።»

በሩን ዘጋሁና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ፤
ኦቦ ደቻሳ ይባላሉ ደንበኛው፤ ከእሳቸው በፊት ነፋሱን ሰማሁ።
«ስንት ሜትር ነው ጉድጓዱ?»
«አሥራ ስምንት።»
«ማን ቆፈረው?» አለች ሲፈን። ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ።
«ቶላ። ልጄ።»
ከዚያ ምንም።
አንድ ዶሮ ጮኸ። ሞተር ሳይክል ከሩቅ መጥቶ ወደ ሩቅ ሄደ።
እሷ አልሳለችም፣ «ሄሎ፣ ይሰማል?» አላለችም፣ ትንፋሿም አልከበደ፤
ጠበቀች፣ ገመድ እንደያዘ ሰው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣
ባልዲው ከጨለማው ወጥቶ እስኪታይ።
«ሊጨርስ ሲል ተናደበት» አሉ። «ውሃው ግን አለ።
ያንቺ ፓምፕ ሲበላሽ፣ ሰው ሳይወርድ ይጠገናል?»
«በገመድ ይወጣል፣ አባባ። ማንም አይወርድም።»
«ቶሌ» አሉ። «ቶሌ፣ ቶሌ።»

ቀጥሎ የናሆምን ከፈትኩ፣ ያንን ዘጠና ሦስቱን፤
አሥራ አራት ጥያቄ፣ ደንበኛው አሥራ ሰባት ጊዜ «እሺ» አለ፣
ማሽኑ «ፈቃደኛ» ብሎ መዘገበው መልሱን።
የሽኝት እሺ አለ፣ የይሉኝታ እሺ፣ የ«ተወኝ ልጄ፣ ሥራ አለብኝ» እሺ፤
«እሺ፣ እናያለን» ማለትማ እምቢ ነው፣ ነጠላ ለብሶ ሲመጣ።
«ከሺ እሺ ይበልጣል» ሲባል ነው ያደግኩት፤
ማሽኑ እንደሆነ የሚያውቀው እስከ ሺ።

ግን እኔስ?
አምና፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ፣ ሆዴ ሲጮህ፣ ቅጂውን እያፈጠንኩ፣
ስንት እንዲህ ያለ ዝምታ ዘልዬ አለፍኩ?
ይህኛውንስ ያገኘሁት ማሽኑ ስለቆጠረው አይደል?
ምን እንደሆነ ባያውቅም፣ የት እንደሆነ በቀይ አስምሮ።

ውጤቱን ልቀይር ስል፣ «ምክንያት ይምረጡ» አለኝ፦
የድምፅ ጥራት። የቋንቋ ችግር። የስሌት ስህተት።
«ሌላ» የሚለውን ነካሁ።
ባዶ ሳጥን ተከፈተ።
በመስታወቱ ወዲያ ሲፈንን አየኋት፤ ሌላ ጥሪ ላይ ነበረች፣
ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።
እኔም እስካሁን ምንም አልጻፍኩ።