ቁርጥ

ሎታ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ጣለ፤
የከሰሉ ጉድጓድ ተደፍኖ ከዋለ
ባሕሩ ብቻ ነው የሚያጓራው ዛሬ።
ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ መስኮት ሥር ታጥሬ፣
አምስት ሺህ ቤተሰብ በተርታ አቁሜ፣
ከባዶ ኪስ ወደ ሙሉ ኪስ አዝግሜ፣
“ለአምስት ቁረጠው፤ እኩል ይሁን” ተባልኩ።
አራት መስመር አሰመርኩ።

እኩል መባሉማ በራስ ቁጥር ብቻ፤
በጉርሻ አይደለም፣ አይደለም በስልቻ።
የፊተኛው ሺህ ሰው ትከሻ ለትከሻ
እንደ ጧት አውቶቡስ ታጭቆ፣ መላወሻ
የለውም፤ ባንዱና ባንዱ መካከል
ያለው ርቀት የአንድ ዳቦ ያህል።
የመጨረሻው ሺህ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል፤
የጫማ ሱቁ ሰው ከወዲህ ይታያል፣
የመርከቦቹ ጌታ ከአድማስ ማዶ ነው፤
ወረቀቱ ግን “አንድ ክፍል ናችሁ” አላቸው።

የራሴንም ስም ፈልጌ አየሁት፤
ሦስተኛው መሃል ነው ያገኘሁት፤
ከግራም ከቀኝም ሰው የከለለኝ፣
ነፋስ የማይነካኝ፣ ቁርጥ የማያገኘኝ።

የመጀመሪያው ቁርጥ የት ላይ አረፈና?
ከቢሮው ወጥቼ፣ አገኘሁት ገና
ሁለት መንገድ ሳላልፍ፤ በማዕድኑ ሰፈር፣
በአንድ የጣውላ ግድግዳ ላይ ነበር።
ወዲህ ኖልፋ አለች፣ የባሕር ሣር ለቃሚ፤
ወዲያ ኤርሜሊንዳ፣
መረብ ትጠግናለች፣ የወገብ ታማሚ።
ደጅ ባለው ምድጃ ዳቧቸው ባንድ ይበስላል፤
ያንዷ ሳል ለሌላዋ በጣውላው ይሰማል፤
ገቢያቸውም እኩል፣ እስከ ቀሪ ፔሶ።
ቁርጡ ማለፍ አለበት፣ ተራው እዚህ ደርሶ፤
ሺህኛዋ ለክረምት ማገዶ ይሰጣታል፤
ሺህ አንደኛዋን ግን
“ከመስመር በላይ ነሽ” የሚል ደብዳቤ ይደርሳታል።

አለቃዬ ዶን ሄራክሊዮ ከኮንሴፕሲዮን ደውሎ
አጽናናኝ፣ “መስመር ጥፋት የለበትም” ብሎ።
ምንም አልጠየቅሁትም ነበር።

ቁጥር ሲተካከል ማነው የሚቀድመው?
ደንቡ እንዲህ ይላል፦ በቅጹ ቁጥር ነው፤
ቀድሞ የተሞላ ቀድሞ ይሰለፋል።
ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ትዝ ይለኛል፣
ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እርሳሴም ረጥቧል።
ኤርሜሊንዳ በር ላይ ቶስኮ ተጋድሞ
ጥርሱን ሲያሳየኝ ፈራሁት፤ አስቀድሞ
የኖልፋን በር መታሁ።
ይኸው ነው።
ሌላ ምንም ምስጢር የለውም የኔ ስሌት፤
ውሻ ነው የቆረጠው፣ አንድ ቀን በዝናብ፣
አንድ ሴት ካንድ ሴት።

ትናንት ስመለስ ምድጃው ጋ አገኘኋት፤
“ቁርጡን ንገረኝ፣ ኤቫሪስቶ” አለችኝ። ነገርኳት።
ዱቄት በእጇ እንዳለ፣ ወገቧን ደግፋ
ሳቀች፦ “ሀብታም ሆንኩ በለኛ! ሰማሽ ወይ፣ አንቺ ኖልፋ!”
ከጣውላው ወዲያ ኖልፋ ሳለች፣
ወይ ሳቀች፤ አልለየሁም።
ቶስኮ በዚህ ጊዜ ጥርሱን አላሳየም፤
ጫማዬን አሽትቶ ተኛ።
ዝናቡ አላባራም።